የት ነህ?

 

እናቶቼና አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ ከአጣዬና ከሰንበቴ፣ ከደብረ ሲናም የመጣችሁ እንግዶች፤ በዚህ ሙቀት አዳራሹን ስለሞላችሁልን እግዜር ይስጥልን። ስልካችሁን አጥፉ አልላችሁም። ክፍት ይሁን፤ የዛሬው ጉዳያችን እሱ ነው።

እኛ ዘንድ ስልክ ሲነሳ ከ«ሄሎ» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የት ነህ?» ነው። ደህንነት የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። መልሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነት አይደለም። ከአዲስ አበባ የተነሳ ሹፌር ደብረ ብርሃን ጥብሱን አዝዞ ተቀምጦ «ጣርማበር ደርሻለሁ» ይላል፤ ጣርማበር ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ «ደብረ ሲናን አለፍኩ» ይላል። እዚሁ ሸዋ ሮቢት የሚጠብቀው ደላላም ይህን ጠንቅቆ ስለሚያውቅ በተነገረው ላይ አንድ ሰዓት ይጨምርና ቡናውን ያዝዛል። ማንም አይጎዳም፤ ማንም አይቀየምም። እኔ ይህችን ትንሽ ቅጥፈት ከቁም ነገር እቆጥራታለሁ። ያለሁበትን የመናገር፣ ያለመናገር፣ ሲያሰኘኝም አለባብሶ የማለፍ ሥልጣን የራሴ እንደሆነ ታሳያለችና።

ሁሉም ግን እንደ ሹፌሩ ለቀልድ አይደብቅም። የሽንኩርት ነጋዴ ከየትኛው ማሳ ጋር እንደተስማማ፣ አይሱዙው የት ቆሞ እንደሚጭን ለተፎካካሪው አይናገርም፤ ከታወቀበት ጠዋት የተቆረጠው ዋጋ እስከ ማታ አይቆይለትም። ማሾ ሰብሳቢውም እንደዚሁ። ያለ ዕድሜዋ ከተዳረችበት ቤት ወጥታ አዲስ አበባ ሰው ቤት የተቀጠረች ልጅ ደግሞ ያለችበት ሲታወቅ የምታጣው ብር አይደለም፤ ራሷን ነው።

ያ ሥልጣን ከእጃችን እየወጣ ነው። የወሰደብን ደግሞ ብዙ ሰው እንደሚጠረጥረው ከሰማይ ሆኖ የሚያየን ሳተላይት አይደለም። ሳተላይቱን በነጻ ላሰናብተው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው እየዞሩ ሰዓትንና የራሳቸውን ቦታ ብቻ ይለፍፋሉ። ስልኩ ያንን ሰምቶ የት እንዳለ ራሱ ያሰላል። ወደ ላይ የሚመለስ አንድም ቃል የለም። የሚናገረው ስልኩ ነው፤ የሚናገረውም ወደ ጎን፣ በዳታ፣ በውስጡ ለተጫኑት አፖች ባለቤቶች ነው።

«የእኔ ባለ ቁልፍ ናት፤ ጂፒኤስም የላት፣ ዳታም አላውቅ» የሚሉ አባቶች እዚህ እንዳሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ከብዙ ጣጣ ተርፈዋል። ከአንቴናው ግን የሚተርፍ ስልክ የለም። ጥሪ እንዲደርስዎ ኔትወርኩ የት እንዳሉ ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ ስልኩ ኪስ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጦም በየጊዜው «አለሁ» ይላል። ሲደውሉ፣ ሲደወልልዎ፣ አጭር መልእክት ሲልኩ ደግሞ በየትኛው አንቴና በኩል፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ይመዘገባል። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው የሲም ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ ቀፎው የራሱ ባለ 15 አኃዝ መለያ አለው፤ *#06# ብትጫኑ ይወጣላችኋል። ሲም መቀየር ብቻውን ሰውን የማይሰውረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቆላችን እንምጣ። በ2ጂ ኔትወርክ አንቴናው የስልኩን ርቀት የሚለካው በ550 ሜትር ገደማ እርከን ነው፤ የሚደርሰውም እስከ 35 ኪሎ ሜትር ነው። አዲስ አበባ ላይ አንቴናዎች ተጠጋግተው ስለቆሙ የአንድ ሰው ሰፈሩ በቀላሉ ይለያል። ወደ ይፋት ቆላ፣ ወደ አፋር ወሰን ሲወርዱ ግን አንድ አንቴና ሰፊ አገር ይይዛል። ታዲያ «እሰየው፣ እኛ አንታወቅም» ያሰኛል። እኔ የምፈራው ግን ይህንኑ ነው። እሑድ ሰንበቴ ገበያ የዋለ አማራ፣ ኦሮሞ፣ አፋርና አርጎባ ሁሉ፣ ጨው የሸጠውም፣ በግ የገዛውም፣ በዚያ መንገድ ያለፈ ነፍጥ ያዥም፣ በአንድ አንቴና ሥር ተመዝግቦ ይውላል። መዝገቡ ማን ከማን ጋር እንደተቀመጠ አይናገርም። በጥርጣሬ ዓይን ለሚያነበው ሰው ግን ሁሉም አብረው የነበሩ ይመስላሉ። የተሳሳተ ቦታ ከትክክለኛው ቦታ የበለጠ ሰውን ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ሰላም በሌለበት ዘመን ደግሞ መልስ የመስጠት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ስምን ከመዝገቡ ማውጣትም መፍትሔ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት የ1.5 ሚሊዮን ሰዎችን የ15 ወር የስልክ መዝገብ፣ ስማቸው ወጥቶ፣ መረመረ። ሰዓትና አንቴና የያዙ አራት ነጥቦች ብቻ ከመቶው 95ቱን ለይቶ ለማውጣት በቂ ሆነው ተገኙ። የት እንደምናድር፣ የት እንደምንሠራ፣ የት እንደምንሰግድ ወይም እንደምናስቀድስ፣ የየትኛው ቀን ገበያ እንደምንወጣ፤ ይህን ያወቀ ሰው ስማችንን መጠየቅ አያስፈልገውም።

ከመካከላችሁ የአፋር ወንድሞች ካላችሁ እንዳላጣምም እርዱኝ፤ ስለ ዳጉ፣ ስለ አፋሮች የወሬ ልውውጥ፣ ልናገር ነው። ሁለት ሰዎች በረሃ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ቁጭ ይባላል፤ ስለ ሰላም ይጠየቃል፤ ከዚያ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ዝናብ የት ዘነበ፣ ሣር የት አለ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋ፣ በመንገድ ላይ ማን እንግዳ ታየ። በዓይንህ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው ተብሎ ይለያል። ውሸት ያወራ ሰው ደግሞ ይዋረዳል፤ ቃሉ ከዚያ ወዲያ አይታመንም። እንግዲህ ይህም የሰውን ቦታ ለሌላ ሰው መንገር ነው፤ ያውም ከስልክ በፊት በረሃውን ሁሉ ያዳረሰ። ግን ጠያቂው ፊት ለፊትህ ተቀምጧል፤ የጠየቀ ራሱም ይጠየቃል፤ ያጠፋ ተጠያቂ ነው። ስልካችንም ቀኑን ሙሉ ስለ እኛ ዳጉ ሲናገር ይውላል። ጠያቂው ማን እንደሆነ አናውቅም፤ እሱ ስለ ራሱ አንዳች አይነግረንም፤ ሲዋሽብንም የሚጠይቀው የለም። የእኔ ቅሬታ ስልኩ ተናገረ ብሎ አይደለም። ሰሚው ፊት የለውም ብሎ ነው።

እስቲ ሰሚዎቹን አንድ በአንድ እንያቸው፤ ከቅርቡ ልጀምር።

ከቅርቡ ያልኩት ሞባይል ቤቱን ነው። እዚህ የተቀመጡ የሞባይል ቤት ባለቤቶች እንዳይቀየሙኝ፤ ለከተማችን ያላችሁን አገልግሎት አውቃለሁ። አንድ ገበሬ ማሾውን ሸጦ ስልክ ሊገዛ ይገባል። ስልኩ ሲከፈት ጂሜል ይጠይቃል። ገበሬው ጂሜል የለውም፤ የሱቁ ልጅ ያወጣለታል፤ ፓስዋርዱንም ልጁ ይሰጠዋል። ለሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት ፓስዋርድ የሚሰጡ አሉ፤ ብዙ ጊዜም የሱቁ ስም ከ1234 ጋር ነው። ገበሬው ስልኩን ይዞ ይሄዳል፤ ያ ጂሜል ምን እንደሆነ ማንም አልነገረውም። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጉግል ጠፋ የተባለ ስልክ የሚፈለግበት አገልግሎት አለው፤ ጂሜሉንና ፓስዋርዱን የያዘ ሰው ከሌላ ስልክ ገብቶ ያ ቀፎ የት እንዳለ በካርታ ላይ ሊያይ ይችላል፤ ስልኩን ሊቆልፈው፣ በውስጡ ያለውንም ሊያጠፋው ይችላል። በስልኩ ላይ የተመዘገቡ የሰው ቁጥሮች፣ አንዳንዴም ፎቶዎቹ ወደዚያው ጂሜል ይገለበጣሉ። ልጁ ክፉ ነው አላልኩም። ልጁ ያንን ቁልፍ እንደያዘ ራሱም ላያውቅ ይችላል። ግን ነገ ሥራ ይቀይራል፤ ፓስዋርዶቹ የተጻፉበት ደብተር ሌላ እጅ ይገባል።

ከዓረብ አገር የሚመጣው ስልክ ደግሞ ሌላ ነው። ከዚህ አካባቢ ስንት ልጆቻችን በሳውዲ፣ በኩዌት፣ በቤሩት ሰው ቤት እንዳሉ እናንተ ታውቃላችሁ። ልጅቱ አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ለእናቷ ትልካለች። ስልኩ የሚመጣው ከነጂሜሏ ነው። ስለዚህ የእናት ስልክ የልጅቱን ፎቶ ያሳያል፤ የልጅቱ ስልክ እናቷ ያለችበትን ያውቃል። እናትና ልጅ ይሁን፤ ምን ችግር አለው? ነገር ግን ያን ስልክ ወንድሟ ይወስደዋል፤ ይሸጠዋል። ሦስተኛው ገዢ ሞባይል ቤት ወስዶ ፈርማት ሲያስደርገው የድሮውን ጂሜል ይጠይቃል። «እንሰብረዋለን» ይሉታል፤ ከየት እንደመጣ በማይታወቅ ሶፍትዌር ይሰበራል። ከዚያ በኋላ በስልኩ ውስጥ ምን እንደገባ ማን ያውቃል?

በሌላ በኩል ቦታን መላክ ለነዚሁ ልጆች ነፍስ ማዳኛ ነው። አሠሪዋ የምትሠራበትን ቤት አድራሻ ያልነገራት፣ የሰፈሩን ስም ማንበብ የማትችል ልጅ «ሎኬሽን» ልካ ለዘመዶቿ የት እንዳለች ታሳውቃለች። ስለዚህ አጥፉት፣ ጣሉት የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ። እሷ ስትልክ ለማን እንደላከች ታውቃለች፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ሰሚ ስልኩ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ የገባ ነው። «ይሄ ስልክ ካርድ ይበላል» ሲባል ሰምታችኋል። ነሐሴ 2012 ገደማ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2020 መሆኑ ነው፣ ቴክኖ ደብሊው 2 የተባለው ርካሽ ስልክ ከፋብሪካ ወደ ገዢ በሚጓዝበት መንገድ ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ተንኮለኛ ሶፍትዌሮች ተጭነውበት እንደተገኘ ባዝፊድ ኒውስ ዘገበ። ያገኘው አፕስትሪም የተባለ ኩባንያ ነው። ስልኩ ባለቤቱ ሳያውቅ ለማይፈልገው አገልግሎት ይመዘገባል፤ ሒሳቡን ይቀንሳል፤ ፈርማት ቢደረግም ተመልሶ ይበቅላል። ኩባንያው ይህን ካስተዋለባቸው አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ነበረች፤ ከእሷም ጋር ካሜሩን፣ ግብፅ፣ ጋናና ደቡብ አፍሪካ። ከ200,000 በላይ ቀፎዎች ላይ ታይቷል። የቴክኖ እናት ኩባንያ ትራንሽን በመካከል ያለ አቅራቢ ነው ያስገባው አለ፤ ማስተካከያውንም ቀደም ብሎ እንዳወጣ ተናገረ። ለዚህ ነው ካርድ ሲበላባቸው ኔትወርኩን ብቻ የሚራገሙ ሰዎች የሚያሳዝኑኝ፤ ሌባው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። አየር ሰዓት የሚሰርቅ ሶፍትዌር ቦታ ለመስረቅ ደግሞ ተጨማሪ ዕውቀት አያስፈልገውም።

ሦስተኛው ሰሚ በር አንኳኩቶ፣ ፈቃድ ጠይቆ የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ማዘርቦርድ የተባለው የቫይስ የዜና ክፍል ስለ «ሙስሊም ፕሮ» አፕ ያወጣውን ዘገባ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። የሶላት ሰዓትና የቂብላ አቅጣጫ የሚነግር፣ ከ98 ሚሊዮን ጊዜ በላይ የወረደ አፕ ነው። ይህ አፕ ቦታ ቢጠይቅ ይገባዋል፤ የት እንዳለህ ሳያውቅ መግሪብ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ቂብላም በየት በኩል እንደሆነ ሊነግርህ አይችልም። ስለዚህ ማንም «ፍቀድ» ይላል። ነገር ግን የቦታው መረጃ ኤክስ ሞድ ለተባለ የመረጃ ነጋዴ ይተላለፍ ነበር፤ ኤክስ ሞድም ለአሜሪካ መከላከያ ተቋራጮች ይሸጥ ነበር። ነገሩ ሲወጣ አፑ ግንኙነቱን አቋረጥኩ አለ። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ደግሞ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ያ ነጋዴ ሰዎች የሚጸልዩባቸውንና የሚታከሙባቸውን ስፍራዎች የመሳሰለ መረጃ እንዳይሸጥ ከለከለው። ከዚህ የምወስደው አፑን አትጫኑ የሚል አይደለም። በእርግጥ የሚያስፈልግ ፈቃድ አለ፤ «ስጠቀምበት ብቻ» የሚለውን ምረጡና «ሁልጊዜ» የሚለውን እለፉት። የባትሪ መብራት አፕ ግን ቦታችሁን ቢጠይቅ ምን ሊያደርግበት ነው?

አራተኛው ሰሚ መንግሥት ነው። ይህንን ለማድበስበስ አልመጣሁም፤ ለማካበድም አልመጣሁም። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በማርች 2014 ባወጣው ሪፖርት ሰዎች ታስረው ሲመረመሩ የራሳቸው የስልክ ንግግር ቅጂ ይከፈትላቸው እንደነበረ፣ የደወሉላቸው ሰዎች ዝርዝር ፊታቸው ይቀርብ እንደነበረ ጽፏል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲትዝን ላብ ደግሞ በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ኮምፒውተሮች በስለላ ሶፍትዌር ሲጠቁ በተለያዩ ዓመታት አጋልጧል። እ.ኤ.አ. የዲሴምበር 2017ቱ ምርመራ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሠራው መሣሪያ የተጠቂዎቹን ኮምፒውተሮች የኢንተርኔት አድራሻ የሚመዘግብበት ፋይል ሳይቆለፍ፣ ለማንም ክፍት ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ በዚያው መዝገብ የተጠቂዎቹን ብቻ ሳይሆን ዕቃውን ለመሸጥ በየአገሩ የሚዞሩትን የኩባንያውን ሰዎች ሳይቀር ተከታተሏቸው። ሰላዩም «የት ነህ?» ከመባል አላመለጠም።

መብቱ በወረቀት ላይ የለም ማለት አይቻልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግን ግንኙነት ጨምሮ፣ አይደፈሬ ያደርጋል፤ ባለሥልጣን እንዲያከብረውም ያስገድዳል፤ ገደብ ካስፈለገም በሕግ ተለይቶ እንዲሆን ይጠይቃል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጣ፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ይህ አዋጅ ባንኩንም፣ ኔትወርክ አቅራቢውንም፣ ፋይዳ ሲመዘግብ አሻራና የዓይን ምስል የሚወስደውንም፣ ሞባይል ቤቱንም የሚመለከት ነው። ትልቁ ጉድለቱ ከእኛ ያለው ርቀት ነው። የቀወት ወረዳ ገበሬ ጂሜሉ በሌላ ሰው እጅ ሆኖበት ሊከስ ቢፈልግ የትኛውን በር ያንኳኳል?

ስለ ኔትወርክ መዘጋት አንድ ነገር ልበል፤ ይህ አዳራሽ ያውቀዋልና። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ደርሶ ስልክ ሲቋረጥ፣ ደብረ ብርሃን የወጣ ተፈናቃይ በእግር የሚመጣውን ሁሉ እያስቆመ «እገሌን አየህ ወይ?» ይል ነበር። በዓይንህ ነው ወይስ ሰምተህ ነው ይባል ነበር። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተዘጋ። ብዙ ሰው «ቢያንስ አንታይም» ብሎ ተጽናና። ይህ ስሕተት ነው። ዳታ ሲዘጋ ካርታውን የምናጣው፣ ለልጃችን ሎኬሽን መላክ የሚያቅተን፣ በስልክ መክፈል የሚቸግረን እኛ ነን። ድምፅና አጭር መልእክት በሚሠራበት ሁሉ አንቴናው ምዝገባውን ይቀጥላል። የተዘጋው የእኛ ጆሮ ነው፤ የስልኩ አፍ እንደተከፈተ ነው።

ሰዓቴ እያለቀ ስለሆነ ወደ ሥራው ልግባ። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ኮምፒውተር የተማሩ ወጣቶች ተቀምጠዋል። ስልኩን የሸጠለት ሰው ጂሜል ያወጣለት፣ ወይም ስልኩ ከማን ጂሜል ጋር እንደመጣ የማያውቅ ሁሉ መጀመሪያ ይሂድ። አዲስ ፓስዋርድ ስታወጡ የምትጽፉት ራሳችሁ ናችሁ፤ ልጆቹ ፊታቸውን ያዞራሉ። የቴሌብር የሚስጥር ቁጥራችሁን ማንም አይጠይቃችሁም፤ ቢጠይቅ ንገሩኝ። መጻፍ የማትችሉ እናቶች የምታምኑትን አንድ ሰው ይዛችሁ ኑ፤ ስልኩ አሻራ የሚወስድ ከሆነ በጣታችሁ ይቆለፋል። ሲማችሁ በማን ስም እንደወጣ የማታውቁ ግን እዚህ አይፈታም፤ መታወቂያ ይዛችሁ ወደ ቴሌ መሄድ አለባችሁ።

የሞባይል ቤት ባለቤቶች ከኋላ ቆዩልኝ። የደንበኛ ፓስዋርድ የሚጻፍባት ያቺ ደብተር ምን እንደምትሆን ዛሬውኑ እንነጋገራለን።